ማሲንቆው በቀጥታ ሥርጭት ይሰማ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ አንድ ውስን ጉዳይ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ የሬዲዮ ጣቢያዎች የገጠሩን ዘፈን ከተቀዳ አልበም እያወጡ ከማሰማት አልፈው፣ አዝማሪውን፣ ዋሽንት ነፊውንና የሠርግ ዘፈን አውራጇን በታዳሚ ፊት አስቀምጠው ጨዋታቸውን በቀጥታ እንዲያስተላልፉ እጠይቃለሁ። «የባህል ሙዚቃ» የሚል ርዕስ ያለው ዝግጅት የለም አልልም፤ ሞልቷል። ዳሩ ግን አቅራቢው «አሁን ደግሞ ወደ ጎጃም እናምራ» ብሎ በደማቅ ድምፅ ካስተዋወቀ በኋላ የሚከተለው፣ ብዙውን ጊዜ፣ ከበሮው በኪቦርድ የተተካ፣ ማሲንቆው ለምልክት ያህል መግቢያው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገዝግዞ የሚጠፋበት፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ የስቱዲዮ ሥራ ነው። አድማጩ የጎጃምን ዘፈን ሰማሁ ይላል፤ የሰማው ግን የጎጃምን ቁምጣ የታጠቀ ሌላ ነገር ነው።

ዘፋኞቹን መውቀሴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የቻግኒ ልጅ የሆነችው እጅጋየሁ ሽባባው የአገር ቤቱን ዜማ ይዛ ከታወቁ የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር በመሥራት ለዓለም ማሰማቷ የሚያኮራ ነው። ማንም ድምፃዊ ዘፈኑን በወደደው መሣሪያ የማጀብ ነፃነት አለው፤ ገበያውም የራሱ ሕግ አለው። የእኔ ጥያቄ ለገበያው ሳይሆን ለሕዝብ ሬዲዮው ነው፤ ገበያው የሚያዋጣውን ሲሠራ፣ ገበያ የማያነሣውን ማን ያነሣዋል የሚል ነው።

የገጠሩ ዘፈን ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሆኖ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ወይም የሠርግ ዳስ ሲገባ የሚዘፍነውን ግጥም ግማሹን ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው። የቀረውን የሚሰጠው ታዳሚው ነው። አንዱ ጥግ የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ስንኙን ሰምቶ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶ፣ ቃሉ ቢጎድል ሞልቶ፣ ቢረዝም ቆርጦ፣ ጭራው ድምፁን ሳያቋርጥ ያዜመዋል። በዚያ ስንኝ የተነካ ሌላ ሰው ደግሞ መልሱን ይዞ «ተቀበል!» ይላል። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ዘፈን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሰሙን ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን ግን አንዱ ቀድሞ ሲይዝ ይስቃል፤ ሌላው ከሳቁ በኋላ ይገባዋል፤ የተነካው ሰው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሲስቅ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ይህ ሁሉ በተቀዳ አልበም ውስጥ ሊገባ አይችልም። አልበም ውስጥ የሚገባው አዝማሪው ለራሱ የሰጠው ስንኝ ብቻ ነው፤ የታዳሚው ድርሻ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

ጎጃም ደግሞ ለዚህ ነገር የተለየ ጆሮ ያለው አገር ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ውስጥ አንድ ጊዜ የተዘረፈ ቅኔ ተመልሶ እንደማይዘረፍ፣ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ መቁጠር እንዳለበት የማያውቅ የለም። የማኅሌቱን ቅኔና የጠጅ ቤቱን ዘፈን ማስተካከሌ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል፤ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ትላንት የተነገረውን ቃል ዛሬ ደግሞ መስማት የሚጠላ፣ ትኩስ ቃል የሚወድ፣ በሁለት ስንኝ ውስጥ የተሸሸገውን ፈልፍሎ የማውጣት ልማድ ያለው ሲሆን፣ ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ በዳሱም በአውድማውም መታየቱ አይቀርም። እንዲህ ላለ አድማጭ ከዓመት ዓመት ያንኑ የተቀዳ ዘፈን እየደጋገሙ ማሰማት አድማጩን አለማወቅ ነው።

ስለ ድምፁም ጥቂት ልበል፤ ይህም ዋና ነገር ነው። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ ነው፤ አዝማሪው የሚቃኘው ከራሱ ድምፅ ጋር ነው እንጂ ከማንም ኪቦርድ ጋር አይደለም። ዋሽንት ነፊ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው አንዱ ሸምበቆ አንድ መነሻ ድምፅ ብቻ ስላለው፣ ከዘፋኙ ጋር ለመግጠም መለዋወጥ ስለሚኖርበት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች በማሲንቆና በክራር ሲወጡ በፒያኖ ቁልፎች ላይ በትክክል የማያርፉ ድምፆች አሏቸው፤ ኪቦርዱ ሲገባ እነዚህ ድምፆች ወደ ቅርብ ቁልፋቸው ይገፋሉ፤ የለመደ ጆሮ «ምን ጎደለ?» ብሎ የሚጠይቀው ይህን ነው። በቀጥታ ጨዋታ ጊዜ ደግሞ ጭብጨባውና እልልታው ምቱን ይዞ የሚሄድ የሙዚቃው አካል ስለሆነ፣ አዝማሪውን ብቻውን የመስታወት ክፍል ውስጥ ዘግቶ መቅዳት እጅና እግሩን ማሰር ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ስቱዲዮ ገብቶ መጫወትን ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ በተቀመጠበት አዳራሽ መጫወትን ነው።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖች የገጠር ሙዚቃቸውን ለዛሬ ያደረሱት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1925 ቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ ያለ ደብሊው ኤስ ኤም የተባለ ጣቢያ፣ አንክል ጂሚ ቶምፕሰን የተባለ የሰባ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ቫዮሊኑን ይዞ ማይክሮፎኑ ፊት እንዲቀመጥ አደረገ። ሽማግሌውን ያስተማረው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የሚጫወተው በመንደር የለመደውን ነበር። ያ የቅዳሜ ማታ ዝግጅት ከሁለት ዓመት በኋላ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚለውን ስም አግኝቶ እስከ ዛሬ ይተላለፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1974 ድረስም ቀድሞ የጸሎት ቤት በነበረ ራይማን በሚባል አዳራሽ ውስጥ በሕዝብ ፊት ሲካሄድ ኖሯል። ጣቢያው የኢንሹራንስ ኩባንያ ንብረት ስለነበር ዓላማው ንግድ ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላው ምሳሌ ነው፦ ተራራማ በሆነችው የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሕዝብ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1983 ማውንቴን ስቴጅ የተባለ ዝግጅት ጀመረ። በቻርልስተን ከተማ ሙዚቀኞች በታዳሚ ፊት ይጫወታሉ፤ በየግዛቱ ያሉ የሕዝብ ጣቢያዎችም ዝግጅቱን ይቀባበሉታል። ያቺ ግዛት ሀብታም ከሚባሉት የአሜሪካ ግዛቶች መካከል አይደለችም፤ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አገር ናት። የተራራ ሰው የሙዚቃ ዝግጅት ከተራራው ተነሥቶ አገር ሊያዳርስ እንደሚችል ግን አሳይታለች፤ ጮቄ ሥር የምንኖር ሰዎች ይህን ማየት አይከብደንም።

ከዚያው አገር ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ክፍልም አለ፤ እርሱን መዝለል አልወድም። በናሽቪሉ ዝግጅት የመጀመሪያ ዓመታት እጅግ ከተወደዱት አንዱ ዲፎርድ ቤይሊ የተባለ ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር። ጣቢያዎችና የሙዚቃ መብት ማኅበራት በክፍያ በተጣሉበት እ.ኤ.አ. በ1941 ከዝግጅቱ ተሰናበተ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ጫማ እየጠረገ ኖረ። በክብር መዝገብ የገባው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሬዲዮ ሙዚቀኛን ያገናል፤ ጥሎትም ይሄዳል። አዝማሪ በእኛ ዘንድ ዘፈኑ ተወድዶ እርሱ ራሱ የተናቀ ሰው ሆኖ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለንና፣ የሕዝብ ሬዲዮ ይህን ንቀት በአዲስ መልክ እንዳይቀጥል መጠንቀቅ አለበት።

መጠንቀቂያውም በሕጋችን ውስጥ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ከዋኝ፣ ማለትም ዘፋኙ ወይም ተጫዋቹ፣ ገና ያልተቀረጸ ክዋኔው እንዲሰራጭ ወይም እንዲቀረጽ የመፍቀድና የመከልከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። በተግባር ግን አዝማሪ ሬዲዮ ጣቢያ ሲጠራ «ስምህ ይነሣል፣ ትታወቃለህ» ተብሎ በባዶ እጁ የሚሸኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ያቺው ቅጂ ደጋግማ ትሰማለች፤ ከዚያም ዩቲዩብ ላይ ትወጣለች፤ ባለቤቱ ግን ሳንቲም አያይም። በአንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ ስምምነት ይበቃል፦ ለዛሬው ሥርጭት ስንት እንደሚከፈል፣ ድጋሚ ሲሰማ ስንት እንደሚታሰብ፣ በኢንተርኔት እንዲወጣ ፈቅዶ እንደሆነ። ማንበብ የማይችል ከዋኝ ከሆነም በምስክር ፊት ይነበብለት። ጠጅ ቤት ውስጥ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት ሰው ከአንድ የመንግሥት ተቋም ይልቅ ቶሎ የሚከፍለው ከሆነ ነገሩ የሚያሳፍር ነው።

ከኃላፊዎች ዘንድ የሚነሣውን ስጋት እገምታለሁ፤ ዋናው ስለ ገንዘብ አይመስለኝም። ስጋቱ ስለ ቃሉ ነው። አዝማሪ በቀጥታ ሥርጭት ምን እንደሚል ማን ያውቃል? «ተቀበል» ብሎ ስንኝ የሚሰጠውስ ሰው ማን ነው? ቀረርቶና ፉከራ ሲጀመር ወዴት ይሄዳል? ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ በተለይ በዚህ ባለንበት ጊዜ። ነገር ግን መልሱ ዝም ማሰኘት አይደለም። በዓለም ያሉ ጣቢያዎች በቀጥታ ዝግጅት ላይ ድምፁን ጥቂት ሰከንዶች አዘግይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ስድብ ወይም ሰውን በሰው ላይ የሚያነሣሣ ቃል ቢመጣ ባለሙያው ሊቆርጠው ይችላል። ከዚያ ውጭ ያለውን ነቀፋና ቀልድ ግን መታገሥ ያስፈልጋል፤ ያለ ነቀፋ አዝማሪ የለምና። በዚህ ረገድ ክፉው ምሳሌ ከታሪካችን አይጠፋም፦ ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. በወረራው ዘመን አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር ደርቦ እንዲጠፉ ያዘዘው፣ የሚያዜሙትና የሚተነብዩት ሕዝቡን ያነሣሣብኛል ብሎ ነው። ማሲንቆን የፈራ ባለሥልጣን ከማን ጎን እንደሚቆም ራሱ ይመርምር።

ወጪውም ቢሆን እንደሚባለው አይደለም። የሚያስፈልገው ጥቂት ማይክሮፎኖች፣ አንድ ድምፅ ማቀላቀያ፣ ወደ ጣቢያው የሚያደርስ መስመርና ከበሮን ከማይክሮፎኑ አርቆ ማሲንቆን አቅርቦ ማስቀመጥ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ከበሮው ሲቀርብ ማሲንቆው ፈጽሞ አይሰማምና። ለሠርግ የምንከራየው ሞንታርቦ ከዚህ የበለጠ ጣጣ አለበት። አዳራሹ ደብረ ማርቆስም፣ ባሕር ዳርም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም፣ ቢቸናም አለ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ከከተማ ከተማ ቢዘዋወር ጥሩ ነው፤ የቢቸናው አዝማሪ ደብረ ማርቆስ ድረስ ከሚለፋ ማይክሮፎኑ ወደ እርሱ ቢሄድ ይሻላል፤ ስንኝ የሚሰጠውም ሰው ያለው እዚያ ነው። አዳራሽ መምጣት የማይችል አድማጭ ደግሞ ስልክ ደውሎ «ተቀበል» ሊል ይችላል። ሬዲዮ ለስፖርት ውይይት ስልክ ከከፈተ ለስንኝ የማይከፍትበት ምክንያት አይታየኝም። ከሎንዶን ወይም ከዋሽንግተን የሚደውል የጎጃም ልጅ የሰጠውን ስንኝ የደብረ ወርቅ አዝማሪ ሲቀበለው አስቡት።

ዝግጅቱ በአዝማሪ ብቻ እንዳይወሰንም እለምናለሁ። የሠርግ ዘፈን የሚያወርዱ ሴቶች አሉ፤ እነርሱ አዝማሪ አይባሉም፤ ክፍያም ጠይቀው አያውቁም፤ ግጥም ግን የሚያፈልቁት ከማንም አያንስም። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ በደቦ የሚዜመው አለ፤ መኪና ውቂያውን ሲወስደው አብሮ የሚሄድ ዜማ ስለሆነ እርሱ አስቸኳይ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው የባለቤቱን ስም እያነሡ የሚያዜሙት ላሊበላዎች አሉ፤ በማለዳው የሬዲዮ ዝግጅት ቢገቡ ከየትኛውም መክፈቻ ሙዚቃ ይበልጣሉ። የአዊ አገውም በአዊኛ የሚዘፍነው የራሱ ዜማ አለው፤ እርሱን በአማርኛ አስተርጉሞ ማቅረብ ሳይሆን እንዳለ ማሰማት ነው ደንቡ። ሙሾን ግን አልጨምርም፤ ሙሾ ለለቅሶ ነው፣ ለአዳራሽ አይጠራም።

በቀጥታ የተላለፈው ሁሉ ደግሞ ይቀረጽ፤ ይቀመጥ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ድምፃቸው ዛሬም ይሰማል፤ ከእርሳቸው በፊትም በኋላም በጎጃም የነበሩ ስንት ባለ ማሲንቆዎች ድምፃቸው ከእነርሱ ጋር ተቀብሯል። ቅጂው ሲቀመጥ የከዋኙ ስም፣ አገሩ፣ ቀኑ፣ ቅኝቱና ከተገኘም ስንኝ የሰጡት ሰዎች ስም ይጻፍበት። ስም የሌለው ቅጂ ለተመራማሪም አይጠቅምም፤ ለባለ መብቱም ዳኛ ፊት አይቆምለትም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆና ክራር፣ ዋሽንትም የሚያስተምር ተቋም እንደ መሆኑ፣ ተማሪዎቹ ከእንዲህ ያለ ክምችት የሚያገኙትን ከመጽሐፍ አያገኙትም።

በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሮድካስት ተለይተው መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የንግድ ጣቢያ «ማስታወቂያ አያመጣልኝም» ቢል አይፈረድበትም። የሕዝብ ጣቢያ ግን እንዲህ ሊል አይችልም፤ ባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ሬዲዮውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከብት የሚጠብቀው ሰውም ድርሻ አለውና።

የቀረኝ ስለ ጊዜው ነው። ከተማ ውስጥ ላለን የእሑድ ከሰዓት ይመቸናል፤ ገበሬው ግን በሬውን ፈትቶ፣ እራቱን በልቶ የሚያዳምጠው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነውና ዝግጅቱ በዚያ ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይቆራረጥ ቢተላለፍ ይሻላል፤ መሐል ላይ ዜና ይገባል ተብሎ አዝማሪ ስንኝ ጀምሮ አይቆረጥምና። መጀመሪያውም የሠርግ ወር ከሆነው ከጥር ቢሆን ዘፋኙም ዘፈኑም አይታጣም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀል፤ በዚያው ሰዓት በገና ይደርደር፤ ከትንሣኤ በኋላም ካቆመበት ይቀጥል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ